ተገዥ ሆኜ ያገኘሁት ሥልጣን

እናቴ ባረፈች በሁለተኛው ወር ዱካክ ይጫነኝ ጀመር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዓይኔ ተገልጦ እጅና እግሬ አልታዘዝ ይሉኛል፤ ደረቴ ላይ ከባድ ነገር የተቀመጠ ይመስለኛል፤ ልጮህ ብሞክርም ድምፅ አይወጣኝም። እናቴ ጌታን ከመቀበሏ በፊት በቤታችን ለውቃቢ ቡና ይፈላ ስለ ነበር፣ አክስቴ ነገሩን ለመፍታት አልተቸገሩም። «ስትክደው ቂም ይዞ ነው ወደ በኩሩ የዞረው፤ ገብስማ ዶሮ ካልታረደለት አይለቅህም» አሉኝ።

ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ። ሐዘንና እንቅልፍ ማጣት እንዲህ ያለውን ነገር እንደሚያመጡ አስረዱኝ፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ይሁን እንጂ እኔን ያሰረኝ የሌሊቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን ቀን ሙሉ አብሮኝ የሚውለው፣ «አክስቴ እውነታቸውን ቢሆንስ?» የሚለው ፍርሃት ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ በጠላት ኃይል ሁሉ ላይ ሥልጣን እንደ ሰጣቸው ስለማውቅ፣ አንዳንድ ሰባኪዎች ሲያደርጉ እንዳየሁት ክፍሌን እየዞርኩ፣ ጎረቤት እስኪነቃ ድረስ «ውጣ! ልቀቅ!» እያልኩ እጮህ ነበር። ድምፄ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ልቤ ይበልጥ ይርድ ነበር።

መተዳደሪያዬ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ራፖር መጻፍ ነው። አንድ ቀን አንዲት አዛውንት ውጭ አገር ያለው ልጃቸው የላከላቸውን ውክልና ይዘው መጡና ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። ድምፃቸው እንኳ በቅጡ የማይሰማ ደካማ ሴት ነበሩ፤ ሆኖም ጉዳያቸው ሳይጮኹ ተፈጸመላቸው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2199 እንደሚለው ተወካይ የሚሠራው በወካዩ ስም ነውና። እኔ ይህን ለባለጉዳይ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ! ማታ የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 8 ሳነብ፣ የመቶ አለቃው ስለ ወታደሮቹ ከመናገሩ በፊት «እኔ ደግሞ ለሌሎች ተገዥ ነኝና» ማለቱን እንደ አዲስ አየሁት። ያዕቆብም «ዲያብሎስን ግን ተቃወሙ» ከማለቱ አስቀድሞ «ለእግዚአብሔር ተገዙ» ብሏል።

እኔ ደግሞ ያልተገዛሁበትን ነገር አሳምሬ አውቀው ነበር። በእናታችን ቤት ምክንያት ታናሽ እህቴን ለመክሰስ በገዛ እጄ የጻፍኩት አቤቱታ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ለሰው የምጽፈውን ያህል እንኳ እውነት አልነበረበትም። በማግስቱ ይዤው ሄድኩና ፊቷ ቀደድኩት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አለቀስን።

በዚያ ምሽት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ድምፄን ሳላነሣ፣ «እኔ የኢየሱስ ነኝ፤ ይህ ቤትም የእርሱ ነው፤ በስሙ ሂድ» ብዬ ተኛሁ። ዱካኩ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ተመለሰ። ከንፈሬን ማንቀሳቀስ ስላልቻልኩ ስሙን በልቤ ጠራሁ፤ ፍርሃቱ ግን አብሮት አልመጣም፤ ወዲያው ለቀቀኝና ገልበጥ ብዬ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ዳግመኛ አልጎበኘኝም።

አክስቴ ያን ሰሞን ገብስማዋን ዶሮ ገዝተው አምጥተው ነበር። አላረድኳትም፤ እህቴ ወሰደቻትና በዚያው በእናታችን ግቢ እንቁላል ስትጥል ከረመች። ለፋሲካ ከጣለችው ለአክስቴም ልከንላቸዋል፤ በልተውታል።