ሁለት ሞዴስ ደርቤ ያስተማርኩባቸው ዓመታት

ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወር አበባዬ ሲመጣ ከጥቁር ቀሚስ ሌላ አልለብስም ነበር። ሁለት ሞዴስ እደርባለሁ። ወንበሩ ላይ ነጠላዬን አጥፌ እቀመጣለሁ። ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው፤ ሠላሳው ሲሞላ ሐሳቤ ሁሉ መጸዳጃ ቤት ነው። ቁርጠቱ ምጥ ይመስላል። ከወገቤ ተነስቶ እስከ ጭኔ ይወርዳል።

እማዬ ፌጦ በሎሚ ታዘጋጅልኝ ነበር። "እኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ ስታርጪ ይተውሻል" ትለኛለች። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪምም ማስታገሻ ጽፎ "ጭንቀት ቀንሺ" ብሎ ሸኘኝ። የዚያን ቀን ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

ኋላ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። ደም ስመረመር ሄሞግሎቢኔ 7.6 ሆኖ ተገኘ። ለሴት ከ12 ከወረደ ደም ማነስ ነው። በዚያ ሰበብ ማህፀን ስፔሻሊስት ዘንድ ተላክሁ።

ማዮማ፣ ማለትም የማህፀን እጢ፣ ነው ትለኛለች ብዬ ነበር። ዶክተሯ ግን ከውስጥ በሚደረገው አልትራሳውንድ አይታ "አዴኖማዮሲስ ነው" አለችኝ። እጇን ጨብጣ አስረዳችኝ። ማህፀንን ከውስጥ የሚሸፍነው፣ በየወሩ የሚደማው ስስ ሽፋን ወደ ጡንቻው ዘልቆ ይበቅላል። ጡንቻው ይወፍራል፣ ማህፀኑ ይተልቃል። ማዮማ ድንበር ያለው እጢ ነው፤ ይሄኛው ግን ጡንቻው ውስጥ እንደ ሰርዶ ሥር ስለሚሰራጭ ለይቶ ማውጣት ያስቸግራል። ካንሰር እንዳልሆነ ስትነግረኝ ትከሻዬ ቀለለኝ።

ቀጥላ "ሌላ ልጅ ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ። ለካ ምርጫው አብዛኛው በዚህ መልስ ላይ ነው የሚቆመው። ጨርሶ የሚገላግለው ማህፀን ማውጣት ነው። እንቁላል ማምረቻዎቹ ካልወጡ ማረጥ ወዲያው አይመጣም፤ ልጅ መውለድ ግን ያበቃል። ሆርሞኑን የሚያፍን መርፌም አለ፤ አጥንት ስለሚያሳሳ ብቻውን ለረጅም ጊዜ አይሰጥም። ደም ሲበዛ ብቻ የሚወሰደው ትራኔክሳሚክ አሲድ መድማቱን ይቀንሳል፤ ደም የመርጋት ችግር የነበረባት ሴት ግን ቀድማ ለሐኪሟ መናገር አለባት።

እኔ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን የሆርሞን ሉፕ መረጥኩ። ሉፕ የሚለውን ቃል ስሰማ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ከዓመታት በፊት ያስገባሁት የመዳብ ሉፕ ደሜን አብዝቶብኝ ነበርና። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የመዳቡ ደም ሊያበዛ ይችላል። የሆርሞኑ ሽፋኑን ስለሚያሳሳው ደሙን ይቀንሳል። እባካችሁ "ሉፕ" ሲሏችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት አታካች ነበሩ። ጠብ ጠብ ይላል፣ አያቆምም። ላስወጣው ብዬ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዤ ሰርዣለሁ። በአምስተኛው ወር ቀነሰ። የአይረን ክኒኔን ከቡና አራቅኩት፤ ቡናና ሻይ ወደ ደም የሚገባውን አይረን ይቀንሱታል። ዘንድሮ ሄሞግሎቢኔ 12.1 ደርሷል። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን አይቡፕሮፌን ይበቃዋል። ከተመለሰብኝ ስለ ቀዶ ሕክምናው ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል፤ አሁን አልፈራውም።

ባለፈው እሑድ እማዬ ቡና እያፈላች "የሕመሙን ስም እስቲ ድገሚልኝ" አለችኝ። ለአክስቴ ልጅ ልትነግራት ነው። ወረቀት ላይ በትልልቁ ጻፍኩላት።