አክስቴ በሻንጣ ላኪልኝ ያለችኝ የቻይና ቅጠል

አክስቴ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሲጋራ አጭሳ አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ግን በእንጨትና በኩበት ጭስ ስትጋግር ኖራለች፤ አሁን ትንሽ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሟ ሲኦፒዲ የሚባለው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ነው ብሏታል። ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ስለምማር በደወለች ቁጥር «ልጄ፣ ቻይኖቹ ለሳንባ የሚሆን ቅጠል አላቸው አሉ፤ ሰው ሲመጣ ላኪልኝ» ትለኛለች። አልልክላትም። ብዙ ሰው ይህንኑ ስለሚጠይቀኝ ምክንያቴን እዚህ ልጻፈው።

መድኃኒቱን ንቄው አይደለም። አከራዬ ለረጅም ዘመን አጭሰው ያቆሙ አዛውንት ናቸው፤ በሽታቸውም የአክስቴው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው ቻይና ውስጥ ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎች 100 ሚሊዮን ይጠጋሉ። አከራዬ ጠዋትና ማታ ኢንሄለራቸውን፣ ማለትም በአፍ የሚሳበውን የሳንባ መድኃኒት፣ ይስባሉ። ከዚያ ደግሞ የባህል ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ።

አንዴ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ምላሳቸውን አየች፤ ቀለሙን፣ ሽፋኑን። የሁለቱንም እጃቸውን የደም ትርታ በሦስት ጣት አዳመጠች። አክታው ነጭ ነው ቢጫ? ቀጭን ነው ወፍራም? እንቅልፍስ? ላብስ? ምግብ ይበላል? በእነሱ ትምህርት አክታ የሚመነጨው ከጣፊያ ነው፤ ሳንባ ማጠራቀሚያው ነው። ትንፋሽን ወደ ታች ስቦ የሚይዘው ደግሞ ኩላሊት ነው። እኔ ከተማርኩት ዘመናዊ ሕክምና ጋር አይገጥምም። ጥያቄዎቹ ግን ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ክብደቱ የሚቀንስ የሲኦፒዲ ሕመምተኛ የባሰ እንደሚጎዳ እኛም እናውቃለን።

ከዚያ ማዘዣው ተጻፈ። ሥር፣ ፍሬ፣ ቅርፊት፣ እያንዳንዱ በግራም። ለአቅም ኋንግቺ የሚባል ሥር አለበት። ለሳል መራራ የአፕሪኮት አስኳል። የሌሎቹን ጠባይ ያለዝባል የሚባለው ጣፋጭ ሥር ጋንጻኦም አለ። አከራዬ ቤት ወስደው በሸክላ ድስት ይዘፈዝፉታል። ሁለቴ አፍልተው ያጠልሉታል፤ ሁለቱን ቀላቅለው ጠዋትና ማታ ይጠጡታል። ሽታው እኔ ክፍል ድረስ ይመጣል። በሚቀጥለው ቀጠሮ አክታቸው ስለተለወጠ ማዘዣውም ተለወጠ።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ያ መድኃኒት የተቀመመው ለአንድ ሰው፣ ለዚያ ሰሞን ነው። ማንም ሳያያት ለአክስቴ በሻንጣ የሚላክ ቅጠል በቻይኖቹ በራሳቸው ሥርዓት እንኳ ሕክምና አይባልም።

ደግሞም ጉልበት ያላቸው ነገሮች ናቸው። ማኋንግ የሚባለውን ተክል እንይ። ጃፓናዊው ናጋይ ናጋዮሺ በ1885 እ.ኤ.አ. ኤፌድሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ ያወጣው ከእሱ ነው። በ1920ዎቹ ደግሞ ቼን ኬኩዊና ካርል ሽሚት ቤጂንግ ላይ ሆነው አጠኑት፤ ከዚያ በኋላ በየአገሩ ለአስም ታዘዘ። የአየር ቧንቧን ይከፍታል። ልብንም ያስሮጣል፣ የደም ግፊትም ያወጣል። አክስቴ ግፊት አለባት። ጋንጻኦም ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ያወርዳል። ለዚህ በሽታ የሚታዘዙት ሳልቡታሞልና ፕሬድኒሶሎንም እንደዚያው ያደርጋሉ፤ አንድ ላይ ሲመጡ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ማዶሊንግ የሚባለው ፍሬ ለዘመናት ለሳል ሲሰጥ ኖሯል፤ በውስጡ ያለው አሪስቶሎኪክ አሲድ ግን ኩላሊት ያበላሻል፣ ካንሰርም ያመጣል። ቻይና ራሷ ከ2020ው የመድኃኒት መዝገቧ አውጥታዋለች። ይህን በማድረጓ ደስ ብሎኛል፤ የባህል ሕክምና የሚከበረው እንዲህ ሲፈተሽ ይመስለኛል።

አከራዬ የቅጠሉን ማዘዣ ለሳንባ ሐኪማቸው ያሳያሉ፣ የኢንሄለሩንም ለባህል ሐኪሟ። ሁለቱንም የምትወስዱ ሁሉ እባካችሁ እንዲህ አድርጉ። ኢንሄለሩን ደግሞ በቅጠሉ ተማምናችሁ አትተዉት።

ከዚህ አገር ለአክስቴ ልልክላት የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። የጓንግዡ ተመራማሪዎች በጓንግዶንግ ገጠር ሰዎችን ለዘጠኝ ዓመት ተከታትለው ነበር። ማገዶ ትተው በባዮጋዝ ያበሰሉና የማድ ቤታቸውን አየር ያሻሻሉ ሰዎች ሳንባቸው የሚዳከምበት ፍጥነት ቀንሷል፤ በሲኦፒዲ የመያዝ ዕድላቸውም ወርዷል። ጥናቱ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ያነበብኩ ዕለት በቀጥታ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ። የማድ ቤቱን ጣሪያ ቀዶ የጭስ ማውጫ እንዲያቆምላት ገንዘብ ላክሁ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድም ይገዛላታል።

ኢንሄለሯን ስትጠቀምም በቪዲዮ አሳየችኝ። ከመጫኗ በፊት ትንፋሿን ስባ ትጨርስ ስለነበር መድኃኒቱ አፏ ውስጥ ይቀር ነበር። አሁን መጀመሪያ አየሩን ታስወጣለች፤ መሳብ ስትጀምር ትጫናለች፣ ቀስ ብላ ትስባለች፣ እስከ አሥር ቆጥራ ትይዛለች።