ሶዳው ቶኒክ ሆኖ ሲገኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሰመር ሲገባ በረንዳ ላይ ለሚቀመጡ ደንበኞች አንድ ገጽ የመጠጥ ሜኑ አወጣ። ከየመጠጡ ጎን ካሎሪው ተጽፏል፤ ወይን በብርጭቆ 120፣ ወይን በሶዳ 75። በአሜሪካ ሕግ ካሎሪ የመጻፍ ግዴታ ያለባቸው 20 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ናቸው። ይህኛው አንድ ቤት ብቻ ስለሆነ ያስገደደው የለም፤ ክብደታቸውን የሚጠብቁ ደንበኞች ሲበዙበት በራሱ ፈቃድ ያደረገው ነው። ስሌቱም ትክክል ነበር። የተበላሸው ብርጭቆው ላይ ነው።

ነገሩን ያወጡት ክንዳቸው ላይ የስኳር መለኪያ ሴንሰር የለጠፉ አንዲት እናት ናቸው። ምግብ እስኪደርስ ወይን በሶዳ ይዘው በረንዳ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ገና እህል ሳይቀምሱ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ አጋምሰው ስልካቸውን ቢያዩ ስኳራቸው ሽቅብ እየወጣ ነው። ድራይ፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነ ወይንና ሶዳ እንዲህ አያደርግም። ባርቴንደሩን ጠሩት።

«ልጄ፣ ስኳር ነገር ጨምረህበታል እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም እናቴ! ወይንና ሶዳ ብቻ ነው።»

«እስቲ ሶዳውን ለብቻው ቀድተህ አምጣልኝ።»

ያመጣላቸው ቶኒክ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሥራ በበዛበት አንድ ምሽት የጋዝ ሲሊንደሩ እያለቀ ሄዶ ከሶዳ ገኑ፣ ማለትም ከሶዳ መቅጃ ቱቦው የሚወጣው ውሃ አረፋው ጠፋ። ባርቴንደሩ በዚያ ግርግር ፍሪጅ ውስጥ ያገኘውን የጠርሙስ ቶኒክ አነሣ። መልኩ ውሃ ነው፣ ጋዝ አለው፣ ሲቀመስ መረር ይላል፤ የሚመር ነገር ስኳር አለበት ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ምሬቱ ግን የመጣው ከድሮው የወባ መድኃኒት ከኩዊኒን ሲሆን፣ 12 አውንስ ቶኒክ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። ያን ያህሉ ኮካ 39 ግራም ነው፤ ብዙም አይራራቁም። ሲሊንደሩ ከተቀየረ በኋላም ደንበኞች «የዛሬውስ ልዩ ነው» እያሉ ስላመሰገኑት በቶኒኩ ቀጠለበት።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ አለው። 12 በመቶ አልኮል ያለው ወይን 5 አውንስ፣ ማለትም 148 ሚሊ ሊትር ሲቀዳ ውስጡ 14 ግራም አልኮል አለ፤ ወደ 98 ካሎሪ ነው። የተረፈው ጥቂት ስኳር፣ አሲዱና ግሊሰሪኑ ሲታከሉ 120 አካባቢ ይሆናል። ወይን በሶዳው 3 አውንስ ወይንና 4 አውንስ ሶዳ ስለሆነ ከ75 አያልፍም። በሶዳው ፈንታ 4 አውንስ ቶኒክ ሲገባ 10 ግራም ያህል ስኳርና ከ40 በላይ ካሎሪ ይጨመራል። ቀለል ያለውን መርጫለሁ ያለ ሰው የጠጣው የአንድ ሙሉ ብርጭቆ ወይን ካሎሪ ነው ማለት ነው፤ ያውም ከስኳር ጋር።

ማናጀሯ ነገሩን እዚያው ልትዘጋው ትችል ነበር። ነገር ግን ባለቤቱ «ወይን ይጎድላል» እያለ ሠራተኛውን በጥርጣሬ ማየት ከጀመረ ሰንብቷል። ስለዚህ በነካ እጇ ባዶ የወይን ጠርሙስ ውሃ ሞላችና አስተናጋጆቹን በየተራ «እንደ ሁልጊዜው አንድ ብርጭቆ ቅዱልኝ» አለቻቸው። የቀዱትን በወጥ ቤት መለኪያ ስትገለብጠው 7 አውንስና ከዚያም በላይ ሆነ። የሰረቀ የለም። ለሰመር ተብሎ የተገዛው ብርጭቆ 20 አውንስ ይይዛል፤ 5 አውንስ ሲገባበት ከታች ቀርቶ ንፉግ ያስመስላል፤ አስተናጋጁም ሰው እንዳይታዘበው ጠብ ያደርግበታል። በሐበሻ ቤት ደግሞ ይሉኝታው ይብሳል። 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ መሙላት ሲገባው ሦስት ተኩል ላይ ያልቃል። ወይኑም 13.5 በመቶ ስለነበር ሜኑው ላይ 120 የተባለው ብርጭቆ በተግባር 180 ያህል ነው። በነገራችን ላይ የጠርሙሱን ቁጥርም ቃል በቃል መያዝ አያስፈልግም፤ እስከ 14 በመቶ ለሆነ ወይን የአሜሪካ ሕግ የ1.5 ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም ይፈቅዳል። አውሮፓ ያሉ አንባቢዎች የተሻለ ዕድል አላቸው፤ ከ2023 ዲሴምበር 8 ወዲህ በተመረተ የኅብረቱ ወይን ላይ የ100 ሚሊ ሊትር ካሎሪ መጻፍ ግዴታ ነው። በአንድ ተኩል ቢያባዙት የብርጭቆውን ያገኛሉ።

መፍትሔው ውድ አልነበረም። ትልቁ ብርጭቆ ለውሃ ተመደበ፤ ወይን 12 አውንስ በሚይዘው ብርጭቆ ሆነ፤ 5 አውንሱም መጀመሪያ በትንሽ ካራፍ (የወይን ማንቆርቆሪያ) ተለክቶ ደንበኛው ፊት ይገለበጣል። ይህን ያየ ደንበኛ ተቆጠበብኝ አይልም። መለዋወጫ ሲሊንደር ተገዛ፤ ለክፉ ቀን የጣሳ ሶዳ ፍሪጅ ውስጥ ተቀመጠ፤ ቶኒኩ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ወረደ። ጣዕም ያልገባበት አምቦ ካለ ከሶዳ እኩል ያገለግላል።

ወይን በሶዳ ራሱ አሠራር አለው። ብርጭቆው አፉ ድረስ በረዶ ይሞላል፤ ትንሽ በረዶ ቶሎ ሟሙቶ መጠጡን ያቀጥነዋል። ወይኑ ቀድሞ ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ ይሁን። ሶዳው በመጨረሻ በብርጭቆው ጎን ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ አንዴ ብቻ ይማሰላል፤ ደጋግሞ ማማሰል ጋዙን ያባርረዋል። የሎሚው ልጣጭ በቂ ነው። ወይኑ ኮምጠጥ የሚል መሆን አለበት፤ ሶቪኞ ብላንክ፣ ፒኖ ግሪጂዮ ወይም የፖርቹጋሉ ቪኞ ቬርዴ ጥሩ ነው፤ የመጨረሻው አልኮሉም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። በርሜል ውስጥ የከረመ ሻርዶኔ ግን በሶዳ ሲቀጥን የእንጨቱ ምሬት ብቻ ይቀራል።

ስለ ጣፋጭ ወይን አስተናጋጆቹ የሚያውቁት ግማሹን ነበር። ክብደትና ስኳር ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች ናቸው። 5.5 በመቶ አልኮል ያለው ሞስካቶ ዳስቲ በሊትር 120 ግራም ያህል ስኳር ቢኖረውም ብርጭቆው 120 ካሎሪ ገደማ ነው። 15 በመቶ የሆነ ድራይ ዚንፋንዴል 145 ይደርሳል። ለክብደት ሞስካቶው አይከፋም፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን 18 ግራም ስኳር ነው። አረፋ ባለው ወይን ደግሞ ኤክስትራ ድራይ የተባለው፣ ስሙ ቢያሳስትም፣ ብሩት ከተባለው ይልቅ ይጣፍጣል፤ ብሩት በሊትር ከ12 ግራም በታች፣ ኤክስትራ ድራይ ከ12 እስከ 17 ነው። ስኳሩ አነስ ያለውን ለሚፈልግ ኤክስትራ ድራይ ሲቀርብለት የሚታየው ስህተት ከዚህ የመጣ ነው።

ጠጁ ከገጹ ወጣ። የቤት ጠጅ ስኳሩ ከጥንስስ ጥንስስ ይለያያል፤ አልኮል ከውሃ ስለሚቀል የፈሳሽ ጥግግት መለኪያው ሃይድሮሜትር ብቻውን ከእውነቱ ያነሰ ስኳር ያሳያል። ቁጥር ከሌለው ሜኑው ላይ ካሎሪ አይጻፍለትም፤ ማር ስለሆነ አያወፍርም የሚባለውም ወሬ ነው።

የከበደው ለውጥ ብርጭቆ ሳይጎድል የመሙላቱን ልማድ ማስቀረት ነበር። ግማሽ ላይ እየተሞላ የሚሄድ ብርጭቆ ስንተኛው እንደሆነ ጠጪውም አያውቀው። አሁን ባዶ ሳይሆን አይነካም፤ መሀል ላይ ያለ ጥያቄ ውሃ ይቀርባል። ወይኑም ከምግቡ ጋር እንዲመጣ ይደረጋል። ባዶ ሆድ ላይ የተጠጣ ወይን የምግብ ፍላጎትን ይቀሰቅሳል፤ ሰውነት አልኮሉን አስቀድሞ ሲያቃጥል ስቡ ይቆየዋል፤ ሳምቡሳውም ሳይታወቅ ይበላል። በአንድ ገበታ ሲበላማ ማን ስንት እንደጎረሰ መቁጠር አይቻልም። ካሎሪ ለመቆጠብ ብሎ ራት ዘሎ ወይን መጠጣት ደግሞ ለአንዳንዱ አደጋ ነው፤ ጉበት አልኮሉን ሲያስወግድ ስኳር መልቀቁን ስለሚቀንስ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሌሊት ሊወርድበት ይችላል። ያቺን ምሽት ያጋጠማቸው እናትም ለዚህ ነው ሴንሰራቸውን ከመተኛታቸው በፊት የሚያዩት።

ጠርሙስ ያዘዙ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከፍለንበታል ብለው መጨረስ የለባቸውም። ሜሪላንድ ውስጥ ከምግብ ጋር የታዘዘ ወይን ከተረፈ ተመልሶ ተከድኖ ወደ ቤት መውሰድ ይፈቀዳል። መኪና ውስጥ ከሆነ ከኋላ ያለው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይቀመጥ፤ ፍሪጅ ከገባ ነጩ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል።