በ41 ቀለበት የተመለሰ ጸሎት

እግዚአብሔር ይመስገን! በክረምት ቤት መልቀቅ ምን እንደሆነ የባሕር ዳር ተከራይ ሁሉ ያውቀዋል። ከሐይቁ ዳር ሰፈር ወደ ዓባይ ማዶ ለመሻገር በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ድልድይ መንገዱን አቅልሎታል፤ ደላላውን፣ አይሱዙውን፣ ጫኞቹንና ዝናቡን በአንድ ቀን ማስማማት ግን ያው ከባድ ነው። እኛ የለመንነው ቤት ብቻ አልነበረም፤ የልብ ዕረፍትና እንቅልፍም ለመንን። ቤቱን በጊዜው ሰጠን። ዕረፍቱን ግን አስቀድሞ፣ ገና ዕቃው ሳይታሰር፣ በሹራብ ሥራ በኩል ሰጠን። ምስክርነቱ ለሌላውም እንዲጠቅም አሠራሩን እንዳለ እንጽፋለን።

ለዚህ ጊዜ የሚሆነው ሥራ ቀላል የአንገት ሻርፕ ነው። ባለ 4 ሚሊ ሜትር መርፌ፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር፣ ባለ 100 ግራም 2 ጥቅል ይበቃል። መርፌው ላይ 41 ቀለበት፣ ማለትም የክር ዙር፣ ይጣላል። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ 41 ጊዜ ይባላልና አንዱ ረድፍ አንድ ሙሉ ጸሎት ይሆናል፤ ስፋቱም ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ቀለበት መጣል ሲጀመር የክሩ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተው። ከዚያ ካነሰ 41 ሳይሞላ ያልቅና ሁሉም ተፈትቶ እንደገና ይጀመራል።

ረድፉ በሙሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ክሩ ሁልጊዜ ከመርፌው ኋላ ይሆናል። «እግዚኦ» ሲባል የቀኙ መርፌ ወደ ቀለበቱ ይገባል፤ «መሐረነ» ሲባል ክሩ ይጠመጠምበታል፤ «ክርስቶስ» ሲባል አዲሱ ቀለበት ተስቦ ይወጣል፣ አሮጌውም ከግራው መርፌ ይለቀቃል። ጌጥ ያለውን ንድፍ ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይሻላል። ጫኝ በሩን ባንኳኳ ቁጥር ስንተኛው ረድፍ ላይ እንደነበሩ ማስታወስ አይቻልምና። ይህኛው ከፊትም ከኋላም አንድ ስለሆነ የትም ቢቋረጥ ከዚያው ይቀጥላል፤ ጠርዙም አይጠቀለልም።

ጸሎቱ ሥራውንም ይጠብቃል። 41 ሳይሞላ ረድፉ ካለቀ አንድ ቀለበት ወድቋል፤ ወዲያው በመርፌ ቁልፍ ይያዝና በኪሮሽ መርፌ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይነሳ። 41 ሞልቶ ቀለበት ከተረፈ ደግሞ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ረድፉ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ክሩ በመርፌው ላይ ወደ ኋላ ሲሳብ የመጀመሪያው ቀለበት ሁለት መስሎ ይታያል፣ እጅም ሁለቱንም ይሠራቸዋል። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ረድፍ ከመጀመር በፊት ክሩን ወደ ታች ማውረድ ነው።

ልብ ሲጨነቅ እጅም ክሩን ያጠብቃል። ቀለበቱ መርፌውን አንቆ መግፋት ሲያቅት፣ ሻርፑም እየጠበበ ሲሄድ፣ ክሩን ከመጎተት በፊት ትንፋሽ ማሳረፍና ጸሎቱን ቀስ ብሎ ማለት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው የእግዚአብሔርን መልስ በዓይናችን ያየነው፤ ከብዙ ረድፍ በኋላ ቀለበቶቹ ላላ፣ እኩል እኩል ሆኑ፤ ልባችንም እንዲሁ። የቤት ኪራዩ ጉዳይ ገና አልተቋጨም ነበር!

ሥራው ከውሉና ከመታወቂያው ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዝ እንጂ አይሱዙው ላይ አይጫን። ረድፍ ሳያልቅ አይቆምም፤ መሐል ላይ የቆመ መርፌ ቦርሳ ውስጥ ሾልኮ ይወጣና ቀለበቶቹ ይፈታሉ። ረድፉ ሲያልቅ ቀለበቶቹን ወደ መርፌው እራስ ገፍቶ ጫፉን በላስቲክ ማሰር ይገባል። የቀርከሃ መርፌ ከብረቱ ያነሰ ስለሚያሾልክ ለባጃጅ መንገድ እሱን እንመርጣለን። የተረፈው ክር በማዳበሪያ ታስሮ እርጥብ የሲሚንቶ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ የጣና ዳር ክረምት ጥጡንም ሱፉንም ያሻግተዋል።

አዲሱ ቤት መጀመሪያ የሚሰቀለው አጎበር ነው። ከዚያ በኋላ መብራት ባይኖርም በሻማ መሥራት ይቻላል፤ ለዚህም ክሩ ነጣ ያለ ይሁን፣ በጥቁር ክር ላይ ቀለበት አይለይም። እሑድና በበዓላት መርፌው ያርፋል፤ 41 እግዚኦው በመቁጠሪያ ይቀጥላል።

ሻርፑ 150 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ቀለበቶቹ ይዘጋሉ፤ ሁለት ቀለበት ተሠርቶ የመጀመሪያው በሁለተኛው ላይ ይታለፋል፣ ከዚያ አንድ አንድ እየተጨመረ እስከ ረድፉ መጨረሻ እንዲሁ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ቀኝ እጅ ላይ ወፈር ያለ፣ ባለ 5 ሚሊ ሜትር መርፌ ቢያዝ ጥሩ ነው፤ በጠበቀ እጅ የተዘጋ ጫፍ ይሸበሸባል። 15 ሳንቲ ሜትር ክር ተርፎ ይቆረጥና በወፍራም መስፊያ መርፌ ወደ ውስጥ ይሰወር። ከታጠበ በኋላም ገመድ ላይ አይሰቀልም፤ በውኃው ክብደት ስለሚለጠጥ ንጹሕ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል።