የተለጠጠው ስክሪን

የጎረቤታችን ልጅ አሮጌ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ዊንዶውስ 10 ከተጫነበት ወዲህ ፊደሉ ተለጥጧል፤ ቪዲዮውም ይንቀረፈፋል። ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚዘረዘሩበት የዊንዶውስ ገጽ) ውስጥ ምስሉን የሚያወጣው የግራፊክስ ካርድ ስም የለም፤ «ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል፤ ዊንዶውስ ትክክለኛውን ድራይቨር፣ ማለትም ከካርዱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ አጥቷል ማለት ነው። ድራይቨር እንፈልጋለን የሚሉ ነጻ ፕሮግራሞችም ተጭነውበታል። ማስታወቂያ ከማዝነብ በቀር የፈየዱት ስለሌለ ጠራርጌ አወጣኋቸው።

ቁም ነገሩ ያለው የካርዱ መለያ ቁጥር ላይ ነው። የአምራቹ መለያ 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 1002 ከሆነ ኤኤምዲ ነው። የእሱ 8086 ነው፤ ሞዴሉም በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንቴል ኤችዲ 3000። ለዊንዶውስ 8 የተሠራው ድራይቨር ይሆነዋል። መጫኛው አሻፈረኝ ሲል የታመቀውን ፋይል ፈትቼ በዲቫይስ ማናጀር በኩል በእጄ ጫንኩት። ስክሪኑ ለአፍታ ጨለመ፤ ከዚያ ፊደሉ ቅርጹን ያዘ።

«ጋሼ፣ አሁን ጌም ያጫውታል?» አለኝ። እናቱ እኮ ለትምህርቱ ብላ ነው የገዛችለት!