ሐረጎ ላይ የደከመው የቤንዚን ፓምፕ፦ ቀየርኩት፣ ቲውኑን ግን አልነካሁትም

ሰላም ናችሁ ወዳጆች። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ እኔንም ሁለት ወር አሠቃይቶኛል። ትልቅ የቤንዚን ፓምፕ ሲገባ መኪናው እንደገና ቲውን መደረግ (ማለትም የሞተሩ ኮምፒውተር ቅንብር መስተካከል) አለበት ወይስ የለበትም? አንዱ «ግዴታ ነው» ይላል፣ ሌላው «ዝም ብለህ ቀይር» ይላል። እኔ ለክቼ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መኪናዬ የ2004 ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ናት፤ ባለ 2 ሊትር ቱርቦ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ እወርዳለሁ፣ በየቀኑ እወጣለሁ። ችግሩም የታየኝ እዚያው ዳገት ላይ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ሙሉ ነዳጅ ስሰጣት እስከ 4,500 ዙር ድረስ እንደ ልቧ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። አትንተፋተፍም፣ መብራት አታበራም። ዝም ብሎ ጉልበቷ ይሄዳል።

መጀመሪያ በግምት ነው የሄድኩት። ካንዴላ ቀየርኩ። የቤንዚን ፊልትሮ ቀየርኩ። «ማርሚታው ተዘግቶ ነው» ያለኝም ሰው ነበር፤ ፈትተን አየነው፣ ንጹህ ነው። ብሩ እየሄደ ችግሩ እዚያው ቆመ። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ያሉ አንድ የድሮ መካኒክ ጋ ሄድኩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጨርሰው ሰሙኝና «ልጄ፣ ከመቀየርህ በፊት ለካ» አሉኝ። የነዳጅ ግፊት መለኪያቸውንም አዋሱኝ። ከዚያች ቀን በኋላ ነው ነገሩ መስመር የያዘው።

ከመለኪያው በፊት ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብን። ያልገባኝ እሱ ነበር። ፓምፕ የሚሰጠው መጠን ነው። ግፊቱን የሚወስነው ሬጉሌተሩ ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚገባውን ቤንዚን ደግሞ ኢንጀክተሩ (ቤንዚን የሚረጨው አፍ) ስንት ሚሊሰከንድ ተከፍቶ እንደቆየ ይወስነዋል፤ እሱን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው። የኔ መኪና ኮምፒውተር ግን የቤንዚን ግፊትን የሚያይበት ዓይን የለውም። ግፊቱ ልክ ነው ብሎ አምኖ ነው የሚያሰላው።

ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ አስቡ። የቧንቧው ውሃ የሚፈጥነው በውሃው ከፍታ እንጂ በሮቶው ስፋት አይደለም። የ500ውን ሮቶ አውርደህ፣ በዚያው ከፍታ ሰፋ ያለ የ2,000 ብትሰቅል፣ አንዷን ቧንቧ ስትከፍት ልዩነት አታይም። ልዩነቱ የሚመጣው አራቱም ቧንቧ አንድ ላይ ሲከፈት ነው፤ ትንሹ ያልቃል፣ ትልቁ ይቆያል። ትርፍ ያለው ፓምፕም እንደዚያው ነው። ከፍታውን የሚጠብቀው ሬጉሌተር ነው፤ በኔ መኪና 3 ባር። የተረፈው ቤንዚን በመልስ ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል።

ቱርቦ ሲጨመር ሌላ ነገር ይመጣል። ቱርቦው አየሩን በ0.8 ባር ሲገፋ (ቦስት የሚባለው ይህ ነው) የኢንጀክተሩ አፍ ላይ ያለው አየርም በዚያው ልክ ይገፋል። ስለዚህ ሬጉሌተሩ ከሞተሩ ላይ በቀጭን ቱቦ ግፊቱን እየሰማ የቤንዚኑንም ያሳድጋል። 3 ሲደመር 0.8፣ ይኸው 3.8 ባር። ፓምፑ ብዙ ቤንዚን እንዲያቀርብ የሚጠየቀው፣ ከፍ ያለ ግፊትም የሚታገለው በዚያችው ቅጽበት ነው። ፓምፕ ደግሞ ግፊቱ ሲጨምርበት የሚያወጣው መጠን ይቀንሳል። ያረጀ ፓምፕ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ጤነኛ መስሎ ዳገት ላይ የሚጋለጠው ለዚህ ነው።

እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ላይ የጅቡቲ መኪኖች ሳይበዙ፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ወጣን። ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ቆርጠን፣ በቲ ማገናኛ መለኪያዋን አስገባን። ሁሉንም በፋሼታ ጥብቅ አድርገን አሰርን። መለኪያዋን ከኮፈኑ ጥግ አሳልፈን፣ ከውጭ በኩል መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጠፍናት። ቤንዚን ያለበት ቱቦ መኪና ውስጥ አይገባም፤ ይህን አደራ። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር። ወንድሜ መርፌዋን ለማየት አንገቱን አስግጎ «ሦስት ነጥብ ሰባት… አምስት… ኧረ እየወረደች ነው!» ሲል ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። ሬጉሌተሩ ላይ ያለችውን ቀጭን ቱቦ ነቅለን፣ ሚኒሞ ላይ ልክ 3.0 ነበር። ዳገቱ ላይ በ0.8 ቦስት፣ 3,500 ዙር ላይ 3.7። 4,500 ላይ 3.5። 5,500 ላይ 3.1። መሆን የነበረበት 3.8 ነው። ስለዚህ ኢንጀክተሩ የሚያየው የግፊት ልዩነት 3 መሆኑ ቀርቶ 2.3 ሆነ ማለት ነው። ኢንጀክተር የሚያሳልፈው ቤንዚን የሚለወጠው በግፊቱ ስኩዌር ሩት ነው፤ ስታሰሉት 12 በመቶ ገደማ ቤንዚን ጠፍቷል። ዋይድባንዱም (በጭሱ በኩል ድብልቁን የሚለካው ሴንሰር) ይህንኑ ነው የመሰከረው። 11 አካባቢ መሆን የነበረበት የአየርና የቤንዚን ምጣኔ 12.5 ደረሰ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቤንዚኑ አነሰ ማለት ነው። ቱርቦ ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ ቤንዚን ሲያንሰው ፒስተን ያቃጥላል። እውነቴን ነው፣ በዚያች ቀን ደነገጥኩ። ለሁለት ወር ምን እያደረግኳት እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ወዲያው ፓምፕ አላዘዝኩም። ጋሼ «መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን እይ» አሉኝ። በኔ መኪና ፓምፑ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ሶኬቱ ላይ ሁለት ሽቦ አስረን፣ ወንድሜ ከኋላ ተቀምጦ በመልቲሜትር አነበበ። ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት፣ ፓምፑ ላይ በጭነት ጊዜ 11.7። ከሁለት ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል! የመሬቱ (የኔጌቲቩ) ሽቦ የታሰረበት ብሎን ዝጎ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት አጽድተን መልሰን ስናስረው 12.8 ሆነ። 5,500 ላይ የነበረው ግፊትም ከ3.1 ወደ 3.3 ወጣ። በነጻ የተገኘ ነው። አሁንም ግን 3.8 አይደለም። ፓምፑ ራሱ ደክሟል፤ 20 ዓመት ሠርቷል፣ ቢደክም አይፈረድበትም።

የመረጥኩት በሰዓት 255 ሊትር የሚባለውን ነው። ከዚያ የሚበልጡ 340 የሚባሉም አሉ። ግን ስሌቱን ሥሩት። 220 ፈረስ ጉልበት አካባቢ የሚያወጣ ቱርቦ ሞተር ሙሉ ነዳጅ ላይ በሰዓት ከ80 እስከ 90 ሊትር ቢበላ ነው። 255 ራሱ ከበቂ በላይ ነው። ትልቁን መግዛት ትርፉ መልስ ቱቦውን ማጨናነቅ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህ ታዋቂ ፓምፖች አስመስለው የተሠሩ በጣም ብዙ ናቸው። እኔ ዘመድ ከዱባይ ሲመጣ ከታወቀ ሻጭ፣ ከነደረሰኙ አስመጣሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ጊቢያችን ውስጥ። ሰልባትዮው ከሩብ በታች እስኪደርስ ጠብቄ ነበር። የፓምፑን ፊውዝ ነቅዬ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን ጨርሶ ራሱ ጠፋ። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ወንበሩን አንስቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ሽታው ገና ሲወጣ እናቴ በረንዳው ላይ ለቡና ከሰል ልታያይዝ ክብሪት ይዛለች። «እማዬ፣ ዛሬ ቡናውን ጎረቤት አድርጊው፣ በአላህ» አልኳት። «አብሽር ልጄ» ብላ ጀበናዋን ይዛ ወጣች። እኛ አገር ጊቢ ውስጥ ከሰልና ዕጣን የማይጠፋ ነገር ነው። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ለቤተሰቡ ተናገሩ። እኔ ዘግይቼ ነው የተናገርኩት።

ዙሪያውን ያሉትን ትንንሽ ዳዶዎች ፈትቼ ፓምፑን ከነቤቱ ሳወጣው ከሥር ያለችው ማጣሪያ ጨርቅ ጠቁራለች። በጣቴ ስነካት እንደ ጭቃ ያለ ነገር ለቀቀች። አዲሱ ከራሱ ማጣሪያ ጋር ነው የመጣው። ጓርኒሲዮኑንም በአዲስ ቀየርኩት። ሰልባትዮ ውስጥ የምትገባዋ አጭር ቱቦ ቤንዚን ውስጥ ለመዘፈዘፍ የተሠራች መሆን አለባት። ተራ የቤንዚን ቱቦ ከውጭ በኩል ቤንዚን ሲነካው ይበጣጠሳል።

ከዚህ ቀጥሎ ተሳሳትኩ። «ለትልቅ ፓምፕ ቀጥታ ከባትሪ መስመር ሳብለት» የሚል ምክር አንብቤ ነበር። በሪሌ ወፍራም ሽቦ ሳብኩ፣ የመኪናዋን የፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን ዘለልኩት። ያ ሳጥን ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። ሚኒሞ ላይ ፓምፑን በ33 በመቶ፣ መሃል ላይ በ66፣ ሙሉ ነዳጅ ላይ በ100 ያሠራዋል። እኔ ሁልጊዜ 100 አደረግኩት። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ በሰዓት አንድ ሊትር ከምናምን ነው የሚፈልገው፤ የቀረው ሁሉ በሬጉሌተሩና በቀጭኑ መልስ ቱቦ ማለፍ አለበት። አላለፈም። የሬጉሌተሩን ቀጭን ቱቦ ነቅዬ ሚኒሞ ላይ ስለካ 3.0 የነበረው 3.4 ሆነ። በኦቢዲ (የመኪናዋን ኮምፒውተር በሚያነበው መሣሪያ) ሳየው የረጅም ጊዜ ፊውል ትሪሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን የሚያስተካክልበት መጠን፣ ከዜሮ አካባቢ በሦስት ቀን ወደ −6 በመቶ ወረደ። ኮምፒውተሩ «ቤንዚን በዛብኝ» እያለ እየቀነሰ ነው። ስሌቱም ገጠመ፤ ከ3.0 ወደ 3.4 ማለት 6 በመቶ ተኩል ተጨማሪ ቤንዚን ነው።

ለካ «ፓምፕ ብቻ ቀይሬ ቲውን አስፈለገኝ» የሚሉት ሰዎች የሚያዩት ይህንን ነው። ፓምፑ አይደለም ድብልቁን የለወጠው፤ ግፊቱ ነው። እኔ ቲውን ከማስደረግ ይልቅ ሽቦውን ፈትቼ ሳጥኑን መለስኩት። ግፊቱ 3.05 ሆነ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ትሪሙ ከ−1 እስከ +1 ባለው ውስጥ ተቀመጠ። ሳጥኑ አዲሱን ፓምፕ ይችለው እንደሆነ ከረጅም ጉዞ በኋላ በእጄ ዳሰስኩት፤ አልሞቀም።

እንደገና እሁድ ጠዋት፣ እንደገና ሐረጎ፣ ያው ኩርባ። 0.8 ቦስት፣ 5,500 ዙር፣ 3.8 ባር። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ዋይድባንዱ 11.0። ወንድሜ ቁጥሩን ሲያነብ እየሳቀ ነበር። ያገኘሁት ተጨማሪ ጉልበት አይደለም፤ ፋብሪካው የሰጣትን ነው ያስመለስኩት። ለዚያ አዲስ ቲውን አያስፈልግም፣ የነበረው ቲውን የሚፈልገውን ግፊት አግኝቷል።

ቲውን የግድ የሚሆንበት ቦታም አለ። ኢንጀክተር ከቀየራችሁ፣ ቦስት ከጨመራችሁ፣ የሬጉሌተሩን መነሻ ግፊት ከለወጣችሁ፣ ኢታኖል የበዛበት ነዳጅ ከሞላችሁ፣ ቲውኑን ሳትነኩት እንዳትነዱ። ኮምፒውተሩ በግፊት ሴንሰር የፓምፑን ፍጥነት ራሱ የሚቆጣጠርባቸው አዳዲስ መኪኖችም አሉ፤ እነሱ ላይ የፓምፑን ባሕርይ ማስተማር ያስፈልጋል። ግን ማንም የማያወራው አንድ አለ። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ መኪናውን ቲውን ያስደረገው ፓምፑ ደክሞ እያለ ነው። የሠራለት ሰው ከላይ ዙር ላይ ቤንዚን ሲያንስ አይቶ፣ ግፊት ሳይለካ፣ በሶፍትዌር ቤንዚን ጨመረበት። ጓደኛዬ በኋላ አዲስ ፓምፕ ሲያስገባ ያ ጭማሪ እዚያው ስለነበር መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋ ጀመር፣ ካንዴላው ጥላሸት ለበሰ። እሱ ቲውን ያስፈልገዋል። የድሮው ቲውን የተሠራው ለታመመ ፓምፕ ነዋ!

«ለከፍታስ ለብቻው ቲውን ያስፈልጋል ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ነው። ሞተር ሳይነሳ ኦቢዲው ላይ የአየር ግፊቱን ሳነብ ቤቴ ደጃፍ 75 ኪሎፓስካል፣ ሥራ ቦታ 81 ያሳያል። የኔ መኪና የሚገባውን አየር በሴንሰር ስለምትመዝን አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን ራሷ ትቀንሳለች። ለከፍታ ብላችሁ ለብቻው ቲውን አትክፈሉ። እንዲያውም ደጋ ላይ ፓምፑ ይቀልለዋል፤ የሚቃጠለው ቤንዚን ያንሳላ። ቆላ ወርዶ አየሩ ሲወፍር ነው እውነተኛው ፈተና፣ ሙቀቱ ሳይቆጠር።

ስለዚህ መለኪያዋን ገና አልፈታኋትም። ጋሼ ሁለት ሳምንት ጨምረውልኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ፣ ወደ ባቲ እንወርዳለን። ወንድሜ ደብተሩን ከአሁኑ አሥምሮታል፤ ቦስት፣ ዙር፣ ግፊት፣ የአየር ሙቀት። ስንመለስ ቱቦውን ወደ ቦታው መልሼ፣ መለኪያዋን ለጋሼ አስረክቤ፣ ቁጥሮቹን አመጣላችኋለሁ።