የዝንጀሮ ሸረሪት በሱሉልታ ብርድ፣ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ናችሁ ወገን፣ ታራንቱላ (ትልልቆቹን ፀጉራም ሸረሪቶች) የምታረቡ ወይ ልጀምር እያላችሁ የምታስቡ ካላችሁ እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ። የኔዋ ከአፍሪካ የዝንጀሮ ሸረሪቶች አንዷ ናት፣ ሳይንሳዊ ስሟ ፕቴሪኖኪለስ ሙሪነስ፣ ብርቱካናማዋ፣ ዘሯ ከኬንያና ታንዛኒያ ጀምሮ ወደ ደቡብ የሚገኝ ነው። ከተማ የለቀቀ ጓደኛዬ ነው ለኔ ትቷት የሄደው።

ይቺ እጅ ላይ የምትያዝ አይነት አይደለችም። የአሜሪካዎቹ ታራንቱላዎች ብዙዎቹ ሲቆጡ ከሆዳቸው ላይ የሚያሳክክ ፀጉር ይበትናሉ፣ የአፍሪካዎቹ እሱ የላቸውም፣ መከላከያቸው ፍጥነትና ንክሻ ነው፣ ንክሻዋ ደግሞ ከባድ ህመምና የጡንቻ መኮማተር ያመጣል። ስለዚህ ምግብም ስሰጥ ውሃም ስቀይር በረጅም ወረንጦ ነው፣ የፊት እግሯን አንስታ ጥርሷን ካሳየችኝ ክዳኑን ዘግቼ እተዋታለሁ፣ ነገም ይደርሳል። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ክዳኑ የግድ የሚቆለፍ ይሁን።

ትልቁ ጉዳይ ብርዱ ነው። ሱሉልታን የምታውቁት ታውቃላችሁ፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ሌሊቱ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው፣ እሷ ደግሞ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ነው የሚመቻት፣ ሲበርዳት ትፈዛለች፣ መብላት ትተዋለች፣ እድገቷም ይጓተታል። ከስር ማሞቂያ አድርግላት የሚሉኝ አሉ፣ እኔ በፍፁም አልስማማም፣ ምክንያቱም እነዚህ ሸረሪቶች ሙቀት ሲበዛባቸው ወደታች ቆፍረው ነው የሚሸሹት፣ ሙቀቱ ከስር ከሆነ ወደሚያቃጥላት ቦታ ነው የምትወርደው። እኔ የማደርገው ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልቼ (የፈላ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል) በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥኑን በአንድ ጎን ብቻ አስደግፈዋለሁ፣ ሌላው ጎን ቀዝቃዛ ስለሚሆን የሚመቻትን ራሷ ትመርጣለች፣ መብራት ሲጠፋም አያሳስበኝም። ከሰል ግን ክፍሉ ውስጥ እንዳታነዱ፣ ጭሱ ለናንተም አይሆንም።

አፈሩን በተመለከተ የሰፈራችን ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ጉድጓድ አይዝም፣ ስለዚህ ቀይ አፈር ከአሸዋ ጋር ቀላቅዬ ተባይ እንዳይኖረው ምጣድ ላይ አመስኩትና ሲበርድ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር አድርጌ በደንብ ጠቀጠቅኩት። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ክፍተት አጭር ይሁን፣ ከከፍታ ከወደቀች ሆዷ ሊፈነዳ ይችላል፣ ሆዷ ከተቀደደ ደግሞ አትተርፍም።

ምግቧ ፌንጣና በረሮ ነው። ፍሊት የተነፋበት ቤት የተገኘ በረሮ ወይ መድሃኒት የተረጨ ማሳ ላይ የተያዘ ፌንጣ እንዳትሰጡ፣ መርዙ ወደሷ ያልፋል።

አሁን ደስ ያለኝን ልንገራችሁ፣ ሰሞኑን ቆዳዋን ቀየረች! ከዛ በፊት ምግብ እምቢ አለች፣ ቀለሟ ደበዘዘ፣ የጉድጓዷንም አፍ በድር ደፈነችው። ጉድጓዷን የቆፈረችው የሳጥኑን ግድግዳ ተጠግታ ስለሆነ በፕላስቲኩ በኩል አየኋት፣ በጀርባዋ ተንጋላለች፣ እግሮቿን ከአሮጌው ቆዳ አንድ በአንድ ልክ እጅ ከጓንት እንደሚወጣ ቀስ እያለች ትስባለች። በዚህ ሰአት ሞታለች ብሎ የሚነካካ አለ፣ በጭራሽ አትንኩ፣ ሰውነቷ ገና ለስላሳ ነው። አዲሱ ጥርሷ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ቀስ በቀስ ይቀላና ይጠቁራል።

የጣለችውን ቆዳ ደግሞ አትጣሉት። ሳሙና ጠብ ባለበት ውሃ ዘፍዝፌ ሲለሰልስ የሆዱን ክፍል በመርፌ ዘረጋሁት፣ ከውስጥ በኩል በላይኞቹ ሁለት የሳንባ ሽፋኖች መሀል ትንሽ የቆዳ እጥፋት አለች፣ ሴት የወንዱን ዘር የምታስቀምጥባት ናት፣ ወንድ የለውም። ስልኬን አስጠግቼ አጉልቼ ሳየው እዛው አለች፣ ሴት ናት! በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ወንዶቹ ለአቅመ አዳም ከደረሱ በኋላ ብዙ አይቆዩም፣ ሴቶቹ ግን ከ10 አመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

ጥርሷ በደንብ እስኪጠቁር ምግብ አልሰጣትም፣ ውሃ ብቻ ነው ያለው፣ የሰጧትን ፌንጣ ካልፈለገችው ለስላሳ ሰውነቷን ሊነክሳት ይችላል። ክረምቱ ሳይገባ ተጨማሪ የአየር ቀዳዳ በጋለ ሚስማር ልበሳላት ነው፣ እርጥበትና ሻጋታ እንዳያስቸግራት። በደጋ የምታረቡ ካላችሁ ሀምሌና ነሀሴን እንዴት እንደምታሳልፉ ፃፉልኝ።